ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ

ኒቆዲሞስ ላቀው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ሰው አፉን ከፍቶ አዳምጦታል። ምነው ያን ቀን ድምፁ በተዘጋ!

ቦረና ውስጥ፣ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ታሪክ ማስተማር ምን እንደሆነ ያልቀመሰው አያውቀውም። ሰባ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ፣ ግማሹ ከዴስክ ሥር ስልክ ይጎረጉራል፣ ግማሹ ዓረብ አገር ስለሚሻገርበት መንገድ ይንሾካሾካል፤ መምህሩ ደግሞ ሰሌዳው ላይ «የጥንታዊት ግብጽ ሥልጣኔና እምነት መውደቅ» ብሎ ይጽፋል። ኒቆዲሞስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ጻፈ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ተማሪ እንኳ እጁን አውጥቶ «ለምን ወደቀች?» ብሎ አልጠየቀውም። «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» ነበር ጥያቄያቸው። እሱ ግን ግብጽን ይወዳት ነበር። የዛሬዋን አይደለም፤ እሷንማ በዓባይ ጉዳይ እንደማንም ሰው ቁጭ ብሎ ይሰድባታል። የጥንቷን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ስለ መጨረሻዎቹ ካህናቷ ነበር፤ ያ ጽሑፍ አሁንም በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋው ሥር አለ።

አባቱ መሪጌታ ላቀው በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን «ለመሆኑ ምንድን ነው የምታስተምራቸው?» ብለው ጠይቀውት ነበር።

«የግብጽ ጣዖታት እንዴት እንደጠፉ» አላቸው።

«እሱማ ምን ያስተምራል!» አሉ መሪጌታ እየሳቁ። «ጌታችን ከእናቱ ጋር ተሰዶ ግብጽ የገባ ዕለት ጣዖታቱ በግንባራቸው ተደፉ፤ አለቀ። ደወል ደውለህ ልጆቹን ወደየቤታቸው ስደዳቸው።»

«አባዬ፣ ከዚያ በኋላ እኮ አራት መቶ ዓመት ቆይተዋል። እንዲያውም ከዚያ ይበልጣል።»

መሪጌታ ትንሽ አሰብ አደረጉና «እንግዲያ ቀስ ብለው ነዋ የወደቁት» አሉ። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

እኒህ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ የአገሩን ሙታን በፍትሐት የሸኙ ናቸው። የማን አባት፣ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት በየትኛው ወር ስንተኛው ቀን እንደሞተ በቃላቸው ያውቁ ነበር። «ድሃ ያልበላበት ተዝካር ምኑን ተዝካር ሆነ!» እያሉ ደጋሹን ይቆጡ ነበር፣ ነዳያን ከደጅ ቆመው ካዩ። አምና ኅዳር ስምንት ቀን ራሳቸው ሲያርፉ ግን መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ተቋርጦ፣ አገሩ ሁሉ በሩን ቆልፎ የተቀመጠበት ክፉ ሰሞን ሆነና ቀባሪ እንኳ ጠፋ። ሁለት ቄሶች ተገኝተው በጥድፊያ ቀበሯቸው። አርባቸውም ሰማንያቸውም እንዲሁ በደረቁ ዐለፈ። ሚስታቸው የዓለምዘርፍ፣ የኒቆዲሞስ እናት፣ መቃብሩ አጠገብ ቆማ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል፣ «መሪጌታ፣ አብሽሩ! በሙት ዓመትዎ አላሳፍርዎትም» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሴትየዋ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ከወለደቻቸው አምስት ልጆች አራቱን ቀብራ የቀራት ኒቆዲሞስ ብቻ ነው፤ እሱም ከተማ ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ ብቅ ይላል። ያላትን አንድ ወይፈን ጓሮ አስራ ሣር በእጇ እያጨደች ቀለበችው። ለብቅሉ የሚሆነውን ገብስ ለይታ አስቀመጠች። ጌሾውን ቀጥፋ አደረቀች። ኒቆዲሞስ በመጣ ቁጥር ወይፈኑን ወስዳ ታሳየዋለች፤ «ያባትህ ነው፣ እየው እስቲ፣ ሻኛውን እየው!» ትለዋለች። እሱም ጀርባውን መታ መታ አድርጎ «አበጀሽ እማ» ይላታል።

እንዲህ እያለ ጥቅምት ገባና ወንድዬ የሚባል ሰው መጣ። ወንድዬ የቁጠባ ፕሮጀክት ሠራተኛ ነው፤ ሞተር ሳይክል አለው፣ ጃኬት አለው፣ ከማንም ጋር በአንድ ቀን ወዳጅ የሚሆንበት አፍ አለው። ሥራው በየቀበሌው እየዞረ ቅሬዎችን ተዝካር እንዲያስቀሩ ማግባባት ነበር። ቅሬ ማለት እንግዲህ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ዳስ የሚጥለው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው የመንደሩ ማኅበር ነው፤ በኛ አገር ከቅሬ የወጣ ሰው ከሰው ተራ ወጣ ማለት ነው። ወንድዬ ያልተሳካለት ነገር ቢኖር ገበሬው እሱን ሲያይ ማንቀላፋቱ ነው።

«አንተ የአገሩ ልጅ ነህ፣ የመሪጌታ ልጅ ነህ፣ መምህር ነህ» አለው ኒቆዲሞስን ሻይ ቤት አስቀምጦ። «አንተ ብትናገርላቸው ይሰሙሃል።»

ይሰሙሃል! ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልሰማውን ሰው እንዲህ ሲሉት እንዴት ይሁን? እውነቱን ለመናገር ኒቆዲሞስ ነገሩን ያምንበትም ነበር። ለአባቱ ተዝካር ብሎ ጥማድ በሬውን አርዶ በማግሥቱ ማሳው ዳር እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ጎረቤት በዓይኑ አይቷል። ይህ ውሸት አይደለም። ግን እናቱስ? ወይፈኑስ? ስለሱም አስቦ ነበር፤ አላሰበም አይባልም። «የአባዬ ከሕጉ በፊት የታሰበ ነው፣ እሱን ያልፉታል» አለ በልቡ። ሰው ለሌላው የሚያወጣው ሕግ እሱን ይዘለዋል ብሎ ማመኑ ምን ይባላል? እስቲ ንገሩኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። የቅሬው ዳኛ አያ ቢያድግልኝ ጉባኤውን ከፈቱ። ወንድዬ ተነሥቶ «ጎጂ ልማድ»፣ «ዘላቂ ልማት» እያለ ግማሽ ሰዓት ለፈለፈ። ሽማግሌዎቹ አንቀላፉ። ከዚያ ኒቆዲሞስ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ክፍል ውስጥ እንደሚጀምረው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ግብጽ ወደቀች!» አለ።

አንቀላፍተው የነበሩት አያ ካሳ ብንን ብለው «እሰይ! ተመስገን! መቼ?» አሉ።

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። አያ ካሳ ራሳቸው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ ዓይኑን ኒቆዲሞስ ላይ ተክሎ ነበር። ልጁ ልቡ አበጠ፤ ምን ይደረግ፣ ለምዶት አያውቅም።

«የጥንቷ ናት አያ ካሳ» አለ። «ስሙኝማ! እናንተ ዓባይ አፋፍ ላይ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈራችሁ ታጥቦ የት ይሄዳል?»

«ግብጽ!» አሉ ወጣቶቹ።

«ያን አፈር ምን አደረጉበት? ስንዴ ዘሩበት፣ ገብስ ዘሩበት። ስንዴና ገብሱንስ ምን አደረጉት? ለሙታን ደገሱበት! የናንተን አፈር ለሬሳ ጋገሩት፣ ለሬሳ ጠመቁት! መቃብራቸው ላይ ምን ብለው ይጽፉ እንደነበር ታውቃላችሁ? ‹ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ፣ ሺህ በሬ ለእገሌ ነፍስ› ይሉ ነበር።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «አጃኢብ! ጠላም ነበራቸው?» አሉ።

«ጠላም ነበራቸው! ድግሱም ነበራቸው! ለም መሬቱን ለሙታን ስም እየለዩ ለቤተ መቅደስ ሰጡት፣ ለልጆቻቸው ግን አጡ። ፋርስ መጣ፣ ረገጣቸው። ግሪክ መጣ፣ ረገጣቸው። ሮም መጣ፣ ረገጣቸው። ለሙታን ሲደግሱ ሕያው አገራቸው ሞተች! እኛስ? የዛሬ ዓመት ለሞተ ሰው ጥማድ በሬ እያረድን ለልጆቻችን በምን እናርስላቸው?»

ጭብጨባው ጽዱ ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሣ። አያ ቢያድግልኝ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ይኼ ነው መማር!» አሉ። እዚያው ሕጉ ተነበበ፦ ለአርባም፣ ለሰማንያም፣ ለሙት ዓመትም ጸሎት እንጂ ድግስ የለም፤ የደገሰ ከቅሬው ይወጣል፣ አይቀበርም፣ አይለቀስለትም። «የተስማማ እጁን ያውጣ» ተባለ። የእጅ ደን ቆመ። ኒቆዲሞስ በሴቶቹ ወገን እናቱን በዓይኑ ፈለጋት። የዓለምዘርፍ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ከኋላ ተቀምጣለች። እጇ ወደ ላይ ነበር።

ማታውን እቤት ገብተው ባቄላ ሲፈለፍሉ «እማ፣ እጅሽን አውጥተሽ አየሁሽ። አኮራሽኝ» አላት።

«ልጄ ከሕዝብ ፊት ቆሞ፣ እኔ እጄን ሰብስቤ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?» አለች፤ ከዚያ ባቄላዋን ትታ አየችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ እስቲ። እነዚያ ሰዎች፣ ኋላ ማብላቱን ተዉት?»

«ተዉት።»

«ከተዉት ወዲያ ዳኑ?»

ኒቆዲሞስ የያዘውን ባቄላ አስቀመጠ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ጥያቄ ይኸው መጣ፤ የመጣውም ፊደል ካልቆጠረችው ከገዛ እናቱ ነው። መልሱንም ያውቀዋል። እነዚያ ሰዎች ሦስት ሺህ ዓመት ለሙታናቸው ሲያበሉ አገራቸው ቆማ ነበር። ንጉሥ ሄዶ ንጉሥ ሲመጣ፣ ባዕድ ሲነግሥባቸው እንኳ፣ የአባት ዳቦ የልጅ ግዴታ እንደሆነ ኖረ። ድግሱ አይደለም የጣላቸው፤ እነሱ ሲወድቁ ነው ድግሱ የቀረው። ዳቦው ከቀረ ወዲያ የልጅ ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ስም ግድግዳ ላይ እያዩ ማንበብ አቃታቸው። ጽዱ ሥር ነገሩን ገልብጦ ነው የተናገረው። ሲናገረውም ያውቅ ነበር፤ የግርጌ ማስታወሻውን ሳይቀር ያውቀዋል። ግን ጭብጨባው ጣፈጠው።

«አልዳኑም» አለ በመጨረሻ። «ተረሱ። ስማቸውን የሚያነብ ጠፋ።»

«ታዲያ ይህንን ለሕዝቡ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ነገሩ ውስብስብ ነው እማ።»

«ያባትህስ ነገር?»

«አያ ቢያድግልኝን አነጋግራቸዋለሁ። አብሽሪ፣ ያልፉታል።»

የዓለምዘርፍ ባቄላዋን መፈልፈል ቀጠለች።

በማግሥቱ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰ፤ ፈተና ነበር፣ እርማት ነበር፣ ያ ሳምንት እንዲሁ ዐለፈ። በመሐሉ የፍቅርአዲስ ነገር ሆነ። ፍቅርአዲስ የእናቱ ጎረቤት ናት፤ ባሏን በመስከረም ቀብራ አርባው ደርሶባት ነበር። ሕጉ ሲወጣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ዱቄቱ ተፈጭቷል። የቅሬው ሰዎች መጡና ጠላውን ከነአንፋሮው፣ ከነድፍድፉ አስደፉት። በጓሮዋ ቦይ ወርዶ ዶሮዎቹ ሰክረው ሲንገዳገዱ ልጆች እየሳቁ ተከተሏቸው። ፍቅርአዲስ በሯ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ይህንን ለኒቆዲሞስ የነገረው ወንድዬ ነው፤ «ሕጉ ሠራ!» ብሎ ትከሻውን እየመታ። ቪዲዮውንም ፌስቡክ ላይ ለቆት ነበር፣ የጽዱ ሥሩን ንግግር። «ማሻ ያሉ ሰዎችም ይፈልጉሃል» አለው። «በየወረዳው ነው የምንዞረው!» ኒቆዲሞስ ያን ዕለት ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ «ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ!» ብለው አጨበጨቡለት። ደስ አለው። አፍሮም ነበር፣ ግን ደስ አለው፤ ልሸሽግለት አልችልም።

ቅዳሜ አያ ቢያድግልኝ ዘንድ ሄደ። ሰውየው ደጃፋቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ።

«አያ፣ ስለ አባዬ ሙት ዓመት ነበር» አለ። «ከሕጉ በፊት የታሰበ ነው፤ እናቴ ተስላለች። እና ደግሞ… ያን ዕለት ያልኩት ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረም። ግብጽ በድግስ አልወደቀችም።»

አያ ቢያድግልኝ ጥርቢያቸውን አቆሙ። «እንዴት? አልወደቀችም?»

«ወድቃለች። ግን በሌላ ምክንያት ነው።»

«አሃ! የፍቅርአዲስ ባል ሲሆን በድግስ ወደቀች፣ ያንተ አባት ሲሆን በሌላ ምክንያት ወደቀች!» አሉ። ቁጣቸው ፊታቸው ላይ መጣ። «ስማ፤ የዚያችን ምስኪን ጠላ ያስደፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ራሴ! ያንተን ቃል አምኜ። መሪጌታ የአባቴን ፍትሐት የፈቱ ሰው ናቸው፤ ለሳቸው ቢሆን ቆዳዬን አንጥፌ እደግስ ነበር። ግን ነገ ፍቅርአዲስ ፊት በምን ዓይኔ ልቁም?»

«እንግዲያ ምን ይሻላል?»

«የሚሻለውንማ ታውቀዋለህ። እሑድ ጉባኤ አለ። ተነሣና ‹ዋሽቻችኋለሁ፣ ነገሩ እንዲህ አልነበረም› በል። ሕዝቡ ይስማህ። ያኔ ሕጉን እናነሣዋለን፤ ለእናትህም፣ ለሁሉም። እኔ ቀድሜ እጄን አወጣለሁ።»

ከዚህ በላይ ቀና የሆነ መንገድ ማን ያሳየዋል? ኒቆዲሞስ «አስብበታለሁ» ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ ያሰበው ግን ስለ እናቱ አልነበረም፤ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ስላለ አንድ ሰው ነበር። ከዓባይ ታች በአስዋን በኩል ካለች ደሴት ላይ፣ ሌሎቹ ቤተ መቅደሶች ከተዘጉ በኋላ፣ አንድ ካህን በጥንታዊው የሥዕል ፊደል የመጨረሻውን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ቀርጿል። ከዚያ በኋላ በዚያ ፊደል የጻፈ ሰው አልተገኘም። ያ ሰው ስሙን ጻፈ፣ የአባቱን ስም ጻፈ፣ «ለዘላለም» አለበት። አማልክቱ ሄደው፣ ነገሥታቱ ሄደው፣ የቀረው አንድ ልጅ የአባቱን ስም ሲጽፍ ነበር። ኒቆዲሞስ ይህንን ጽዱ ሥር አልተናገረም፤ ለንግግሩ አይመችም ነበርና።

እሑድ ደረሰ። ጉባኤው ተሰበሰበ። ወንድዬ በሞተሩ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል፤ ስልኩን ለቪዲዮ አዘጋጅቷል። አያ ቢያድግልኝ ስለ አጥሩ ጥገና ተናገሩና «ሌላ የሚናገር አለ?» ብለው ኒቆዲሞስን አዩት። ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። የዓለምዘርፍም ከሴቶቹ ወገን አየችው። አንድ ቃል ነው የሚጠበቅበት። «ዋሽቻችኋለሁ» ማለት ብቻ! ኒቆዲሞስ የወንድዬን ስልክ አየ፣ ተማሪዎቹን አሰበ፣ ማሻን አሰበ። መሬቱን አየ።

«የሚናገር ከሌለ እንግዲህ» አሉ አያ ቢያድግልኝ፤ ጉባኤውም ተበተነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሙት ዓመቱ አራት ቀን ሲቀረው፣ ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ በሩ ተቆልፎ ጓሮው ባዶ ሆኖ አገኘው። ካስማው አለ፤ ወይፈኑ የለም። ፍቅርአዲስ ከአጥሯ ወዲያ ሆና አየችው።

«ወደ እህቷ ሄደች» አለች። «ወደ አጅባር በኩል፣ ይርገዱ ዘንድ። እዚያ አልተከለከለም። ገብሱን በአህያ ጭና፣ ወይፈኑን ራሷ እየነዳች፣ ብቻዋን። ለማንም አትንገሪ ብላኛለች፣ ላንተም ጭምር።»

«ብቻዋን? በዚያ መንገድ?»

«ከማን ጋር ትሂድ?» አለች ፍቅርአዲስ። «እሷስ መሄጃ አላት። የኔን ሰውዬ ወዴት ይዤው ልሂድ?» ወደ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች።

ኒቆዲሞስ ትምህርቱን ትቶ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተጭኖ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሩ፣ አቧራ ለብሶ ዋዜማውን አጅባር አደረ። በኅዳር ስምንት ማለዳ የአክስቱን ደብር እየጠየቀ ሄደ። ምን እንደሚላት በመንገዱ ሁሉ ሲያጠና ነበር። እግሯ ላይ ሊወድቅ አስቦ ነበር። ቦረና ተመልሶ ሁሉንም ሊናገር አስቦ ነበር፤ በዚያች ማለዳ ከልቡ ነበር ያሰበው።

ሲደርስ ፍትሐቱ ተፈጽሞ ሕዝቡ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል። ከበሩ የቆመ አንድ ጎልማሳ በአቧራ የተሸፈነውን ሰው አየና አዘነለት።

«ግባ ወንድሜ፣ መንገደኛ ነህ? የመሪጌታ ላቀው ሙት ዓመት ነው። የቦረና ሰው ነበሩ አሉ፤ እኛ እንኳ አናውቃቸውም። ነፍስ ይማር በልና ግባ።»

«ነፍስ ይማር» አለ ኒቆዲሞስ።

ከነዳያኑ ጋር አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አጠገብ አስቀመጡት። ዳሱ ሙሉ ነው። ስማቸውን ዛሬ የሰሙ ሰዎች «የመሪጌታ ላቀውን ነፍስ ይማርልን» እያሉ ይጎርሳሉ፣ ይጠጣሉ። አባቱ ይህንን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር፤ ከደጅ የቆመ ድሃ የለም። እናቱ በመሐል ቁራሽ የተሞላ ሌማት ይዛ ትዞራለች። ከሳ ብላለች፤ የእግሯ ጣት በጨርቅ ታስሯል። ዳቦ እያደለች መጥታ እሱ ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

አየችው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር። እሱ «እማ» ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እሷ ግን ከቆረሰችው ቁራሽ፣ ለሽማግሌው ከሰጠችው ያላነሰ ያልበለጠ፣ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ብላ፣ የእግዜር እንግዳ» አለችው፤ ለሌላው ሁሉ እንዳለችው። ወደሚቀጥለው ሰው ዐለፈች።

ማዕዱ ሲነሣ የደብሩ ቄስ ምናለ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። «የሟች ልጅ ካለ ይነሣ፣ ከእናቱ ጋር ቆሞ ይመረቅ» አሉ።

አክስቱ ይርገዱ ከማዶ አይታው ነበር፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ኒቆዲሞስ መዳፉን መሬት አስደግፎ ከመቀመጫው ከፍ አለ። ያኔ የእናቱ ድምፅ ተሰማ፤ ጥርት ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ።

«የለም አባቴ። ልጅ የላቸውም። እኔው ነኝ ያለሁት።»

ቄስ ምናለ «እግዚአብሔር ያጽናሽ እናቴ» ብለው መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ተነሥቶ «አለሁ! እኔ ነኝ ልጃቸው!» ማለት ይችል ነበር፤ ማን ከለከለው? አፉን የያዘው ሰው አልነበረም። ከፍ ካለበት ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ በክርኑ ነካ አደረገው። «ወይ ምስኪን! እንዲህ ያለ ድግስ ተደግሶላቸው፣ አንድ ልጅ እንኳ አላስቀሩም?»

ኒቆዲሞስ ዳቦውን አላምጦ ዋጠ።

«አላስቀሩም» አለ።